የደም ስቴም ሴሎች ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ሳይሞቱ የሚቆዩት እንዴት ነው?

ቲማቲም ፍሪዘር ውስጥ አስገብቶ የረሳ ሰው የሚሆነውን ያውቃል። ሲወጣ እንደ ድንጋይ ነው። ሳህን ላይ አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ግን ልጡ ይጨማደዳል፣ ውሃ ይለቃል፣ በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። ለስልስ ይሆን ይሆናል እንጂ ለሰላጣ አይሆንም።

አሁን ሐኪም ፊት የተቀመጠ አንድ ቤተሰብ አስቡ። አባት የደም ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። ሐኪሙ እንዲህ ይላቸዋል፦ «ከደምዎ ውስጥ ስቴም ሴሎችን እንሰበስባለን። በረዶ አድርገን እናስቀምጣቸዋለን። ከዚያ ከባድ ኬሞ ሰጥተን ሴሎቹን እንመልስልዎታለን።» ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። መኪና ውስጥ ሲገቡ ግን ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ የሁሉንም ጥያቄ ትጠይቃለች። «በረዶ የሆነ ነገር ተመልሶ በሕይወት ይኖራል እንዴ?»

ጥያቄዋ ትክክል ነው። ዝም ብሎ ፍሪዘር ውስጥ የተጣለ ሴል እንደ ቲማቲሙ ይሆናል። በሥርዓት የወረደ ሴል ግን ከ20 ዓመት በኋላም ተነስቶ ደም ይሠራል። ልዩነቱ ያለው በመውረጃውና በመውጫው መንገድ ላይ ነው። ሴሎች የሚሞቱት በአብዛኛው እዚያ ነው። ታች ከደረሱ በኋላ የሚያሰጋቸው ነገር በጣም ትንሽ ነው።

ስቴም ሴል ሲባል ምን ማለት ነው?

ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ከቤታችን የራቀ አይደለም። እርሾን አስቡ። ከቦካው ሊጥ ላይ ተቀድታ የምትቀመጠው እርሾ ትንሽ ናት። ዱቄትና ውሃ ላይ ስትጨመር ግን ሙሉ ቡኮውን ታስነሳለች። ከዚያ ቡኮ ላይ ደግሞ ለሚቀጥለው የምትሆን እርሾ ትቀዳለች። ሥራዋ ሁለት ነው። ሊጡን ታቦካለች፣ ራሷንም ትተካለች።

የደም ስቴም ሴልም እንዲሁ ነው። የሚኖረው በአጥንት መቅኒ ውስጥ ነው። ሲከፋፈል አንዱ ክፍል ቀይ የደም ሴል፣ ነጭ የደም ሴል ወይም ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ወደ መሆን ይሄዳል። ሌላው ስቴም ሴል እንደሆነ ይቀራል። ሰውነታችን በየሴኮንዱ ሁለት ሚሊዮን ያህል ቀይ የደም ሴሎችን ይሠራል። አንድ ቀይ ሴል የሚኖረው 120 ቀን ገደማ ነው። ፕላትሌት ደግሞ 10 ቀን እንኳ አይሞላም። እርሾዋ ከጠፋች ቡኮው ይቆማል። በሳምንታት ውስጥ ሰውነት ኢንፌክሽን የሚከላከልበትም ደም የሚያቆምበትም ያጣል።

ታዲያ ለምን ማስቀመጥ አስፈለገ?

መልቲፕል ማይሎማ እና ሊምፎማ ለሚባሉት ካንሰሮች አንዱ ሕክምና በጣም ከባድ ኬሞቴራፒ ነው። ካንሰሩን ለማጥፋት የሚሰጠው መጠን መቅኒውንም ያወድማል። ቡኮ ዕቃው ከሥሩ ተፈግፍጎ ሊታጠብ ነው እንደማለት ነው። ስለዚህ እርሾዋ አስቀድማ ትቀዳለች። ሕመምተኛው ኬሞውን ከጨረሰ በኋላ የራሱ ሴሎች በደም ሥሩ ይመለሱለታል። ይህ ከራስ ለራስ የሚደረግ ንቅለ ተከላ ነው።

ሌላው ዓይነት ከለጋሽ የሚወሰድ ነው። እርሾዋ የተበላሸባት ሴት ከጎረቤት እንደምትዋሰው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሴሎቹ ሳይቀዘቅዙ በትኩሱ ይሰጣሉ። ኮቪድ ሲመጣ ግን ይህም ተለወጠ። በ2020 እ.ኤ.አ. በረራዎች ሲሰረዙና ለጋሾች ድንገት ሊታመሙ እንደሚችሉ ሲታወቅ፣ የአሜሪካው ብሔራዊ የመቅኒ ለጋሾች ፕሮግራም ሴሎቹ ቀድመው ደርሰው በረዶ እንዲሆኑ፣ ኬሞው ከዚያ በኋላ እንዲጀመር ወሰነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሕመምተኛው መቅኒ ከተደመሰሰ በኋላ ለጋሹ ቢቀር ሕመምተኛው መመለሻ የለውም።

ሴሎቹ በተራ ማቀዝቀዣ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ፣ ለሁለት ለሦስት ቀን ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ እየሞቱ ይሄዳሉ። ለማይሎማ የሚሰጠው ሜልፋላን የሚባል መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ፣ አንዳንድ አገሮች ያሉ ማዕከሎች ሴሎቹን ጭራሽ በረዶ ሳያደርጉ በዚህችው አጭር ጊዜ ሥራውን ይጨርሳሉ። ለሊምፎማ የሚሰጠው ኬሞ ግን በተለመደው አሰጣጥ ስድስት ቀን ገደማ ይወስዳል። ያኔ ማቀዝቀዣው አይበቃም። ለሁለተኛ ንቅለ ተከላ የሚሆን መጠባበቂያ ለማስቀመጥም አይበቃም።

ቅዝቃዜ ሴልን የሚገድለው በምን መንገድ ነው?

ብዙ ሰው የሚመስለው ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ሴሉ እንደ ጠርሙስ የሚፈነዳ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይለያል።

በረዶው የሚጀምረው ከሴሉ ውጭ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ነው። በረዶ የሚሆነው ደግሞ ንጹሕ ውሃው ብቻ ነው። ጨው በረዶ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ጨው እየበዛ ይሄዳል። ወጥ ብዙ ሲንተከተክ ውሃው ይመጥና ጨው እንደሚበዛበት ማለት ነው። ውጭው ጨዋማ ሲሆን ውሃ ከሴሉ ውስጥ እየተሳበ ይወጣል። ሴሉ ይኮማተራል። ይህ ረጅም ሰዓት ከቆየ ሴሉ ጨው በዝቶበት የደረቀ ቋንጣ ይሆናል፤ ሽፋኑ ይጎዳል፣ ውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች ይበላሻሉ።

እንግዲያው በፍጥነት ማቀዝቀዝ ነዋ? እሱም ሌላ ጣጣ አለው። በጣም ሲፈጥን ውሃው ከሴሉ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም። እዚያው ውስጥ በረዶ ይሆናል። ስለታም የበረዶ ቅንጣቶች በሴሉ ውስጥ ከተፈጠሩ አብዛኛውን ጊዜ አበቃለት።

ሲዘገይ ድርቀት፣ ሲፈጥን የውስጥ በረዶ። ይህን በግልጽ ያስቀመጡት አሜሪካ ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላብራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ፒተር ማዙር እና ባልደረቦቻቸው ናቸው፣ በ1972 እ.ኤ.አ.። በሁለቱ መካከል ለእያንዳንዱ የሴል ዓይነት የሚስማማ ፍጥነት አለ። ለደም ስቴም ሴል ያ ፍጥነት በደቂቃ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ነው። ቀስ፣ ግን ሳይቆሙ።

ደጋ ያደገ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። ህዳርና ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን አካባቢ ሰማዩ ጠርቶ ካደረ ገበሬው ይጨነቃል። ጠዋት ባቄላው ላይ ነጭ ውርጭ ተጋግሯል። ቅጠሉ ገና ቆሟል፣ ደህና ይመስላል። ፀሐይ ወጥታ ውርጩ ሲቀልጥ ነው ጠውልጎ፣ ጠቁሮ የሚወድቀው። ጉዳቱ የደረሰው ሌሊት ነው። የታየው ሲቀልጥ ነው። ላብራቶሪ ውስጥም ልክ እንዲሁ ነው። ሴሎቹ ደህና መሆናቸው በረዶ ሳሉ አይታይም፤ የሚታወቀው ሲቀልጡ ነው።

መላው የተገኘው እንዴት ነው?

በስህተት። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለንደን ሚል ሂል በሚገኘው ብሔራዊ የሕክምና ምርምር ተቋም ውስጥ ክሪስቶፈር ፖልጅ፣ ኦድሪ ስሚዝ እና አለን ፓርክስ የዶሮ የዘር ፈሳሽ በረዶ አድርገው ለማቆየት ይሞክሩ ነበር። ስኳር ጨመሩበት፣ ብዙም አልሆነም። ተዉት። ከወራት በኋላ ያንኑ ከማቀዝቀዣ ክፍል የቆየ የስኳር ጠርሙስ አውጥተው እንደገና ሲሞክሩ ሴሎቹ ቀልጠው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል አዲስ ስኳር በጠበጡ። አዲሱ አይሠራም። አሮጌው ይሠራል። የቀረችውን ጠብታ ሲያስመረምሩ በውስጧ ስኳር የለም። ያለው ግሊሰሮልና ፕሮቲን ነው። የጠርሙሶቹ ጽሑፍ ሳይቀያየር አልቀረም። ግኝቱ በ1949 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ግሊሰሮል ወፍራም፣ ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። እጅ በሚያለሰልሱ ቅባቶች ውስጥ «ግሊሰሪን» ተብሎ እናውቀዋለን። ሴል ውስጥ ሲገባ የውሃውን ቦታ ይይዛል። ውሃው በቀላሉ በረዶ እንዳይሆን ያደርጋል፣ ጨውም በአንድ ጊዜ እንዳይበዛ ይከላከላል። በ1955 እ.ኤ.አ. ባርንስ እና ሉቲት የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በዚሁ ዘዴ ያቆዩዋቸው ደም የሚሠሩ ሴሎች በጨረር የተጎዱ አይጦችን እንደሚያድኑ አሳዩ። በ1959 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጄምስ ላቭሎክ ከባልደረባው ቢሾፕ ጋር ሆኖ ከግሊሰሮል ይልቅ ቶሎ ወደ ሴል የሚገባ ሌላ ነገር አገኘ። ዳይሜቲል ሰልፎክሳይድ ይባላል፣ ባጭሩ ዲኤምኤስኦ። ከእንጨት ወረቀት ሲሠራ ከሚተርፈው ነገር የሚገኝ ፈሳሽ ነው። ዛሬም ድረስ የደም ስቴም ሴል በአብዛኛው የሚቀመጠው በእሱ ነው።

ከዶሮ የተጀመረው ነገር ወደ እኛም መጥቷል። ቃሊቲ ከሚገኘው የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል የወጣ የኮርማ ዘር እጅግ ቀዝቃዛ የሆነ ፈሳሽ ናይትሮጂን ባለበት ኮንቴይነር እየተያዘ ገጠር ድረስ ይሄዳል። የማዳቀል ቴክኒሻኑ የኮንቴይነሩን ክዳን ሲያነሳ ነጭ ጢስ ቡልቅ ይላል። ከውስጥ ቀጭን ስትሮ በመቆንጠጫ አውጥቶ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይነክራል። ያቺ ስትሮ ያለፈችበት መንገድ የካንሰር ሕመምተኛው ሴሎች ከሚያልፉበት ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ ሴሎቹ ከመቅኒ ወደ ደም መውጣት አለባቸው። ሕመምተኛው ወይም ለጋሹ ጂ-ሲኤስኤፍ የሚባል መርፌ ለአራት ለአምስት ቀን ይወጋል። አጥንት ሊያመው ይችላል። ስቴም ሴሎቹ መቅኒውን እየለቀቁ ደም ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ አፌሬሲስ የሚባል ማሽን ደሙን በአንድ ክንድ ይቀበላል፣ የሚፈለጉትን ሴሎች ለይቶ ያስቀራል፣ የቀረውን በሌላው ክንድ ይመልሳል። ለሰዓታት ይቆያል፤ ግን ቀዶ ጥገና የለውም።

ቀጥሎ ቆጠራ ነው። ስቴም ሴሎች ላያቸው ላይ ሲዲ34 የሚባል ምልክት ስላላቸው በእሱ ይቆጠራሉ። ለአንድ ንቅለ ተከላ በትንሹ በሕመምተኛው ክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ 2 ሚሊዮን ሲዲ34 ሴሎች ያስፈልጋሉ። ሐኪሞች የሚመኙት 5 ሚሊዮን ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 350 ሚሊዮን ሴል ማለት ነው።

ከዚያ ጥንቃቄ የሚበዛበት ሰዓት ይመጣል። ዲኤምኤስኦ ሴሎቹን ከበረዶ ያድናል፣ ራሱ ግን ለሴሎቹ መርዝ ነው። በሙቀት ውስጥ ብዙ ከቆየ ይጎዳቸዋል። ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ሙቀት ይለቃል። ስለዚህ ባለሙያዋ አስቀድማ ከፕላዝማ (ከደም ፈሳሹ ክፍል) ወይም ከአልቡሚን (ከደም ፕሮቲን) ጋር ትበጠብጠዋለች፣ ታቀዘቅዘዋለች፣ ከዚያ በበረዶ ላይ ወደተቀመጠው የሴል ከረጢት ቀስ እያለች ጠብ ታደርገዋለች። ከረጢቱን እያወዛወዘች። መጨረሻ ላይ ከጠቅላላው ፈሳሽ 10 በመቶ ያህሉ ዲኤምኤስኦ ይሆናል። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ቡና ልጠጣ የሚባል ነገር የለም። ከረጢቱ ታሽጎ፣ ስስ የብረት መያዣ ውስጥ ጠፍጣፋ ሆኖ ተኝቶ፣ ቶሎ ማሽኑ ውስጥ መግባት አለበት። ጠፍጣፋ የሚሆነው ቅዝቃዜው ለሁሉም ሴል እኩል እንዲደርስ ነው።

ማሽኑ ፈሳሽ ናይትሮጂን እየረጨ በደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል ያወርዳል። መካከል ላይ አንድ ተንኮል አለ። ውሃ በረዶ በሚሆንባት ቅጽበት ሙቀት ይለቃል። ስለዚህ የከረጢቱ ሙቀት መውረዱን ትቶ ትንሽ ይነሳል። ዝም ከተባለ ሴሎቹ እዚያ አደገኛ ቦታ ላይ ቆመው ይቀራሉ። ማሽኑ ይህን ስለሚያውቅ ልክ በዚያች ሰዓት ናይትሮጂኑን አብዝቶ ይለቅና ሙቀቱን ይውጠዋል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው መስመር ትንሽ ጉብ ብሎ እንደገና ቁልቁል ይሄዳል። ያን መስመር አይቶ ባለሙያ በደንብ መውረዱን ይናገራል፤ የሥራው መዝገብ ነው፣ ከከረጢቱ ፋይል ጋር ይቀመጣል።

ከዜሮ በታች 40 ዲግሪን ካለፈ በኋላ ፍጥነቱ ይጨምራል። ከዜሮ በታች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከረጢቱ ወደ ትልቁ የናይትሮጂን ታንክ ይዛወራል። እንዲህ ያለ ማሽን የሌላቸው ማዕከሎችም አሉ። ከረጢቱን በቀጥታ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ባለው ፍሪዘር ውስጥ ያስተኙታል። ጠፍጣፋነቱና የፈሳሹ ውፍረት ቅዝቃዜውን ስለሚያዘገዩት ይህም ይሠራል። ዘዴው ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥቅም ላይ ውሏል።

ለምን 196? 80 አይበቃም?

ለአጭር ጊዜ ይበቃል። ለረጅም ጊዜ ግን ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ገና ያልቆመ ነገር አለ። በሴሎቹ መካከል የቀረ ጥቂት ፈሳሽ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። ትንንሾቹ የበረዶ ቅንጣቶች እየተያያዙ ይተልቃሉ።

ማር ፍሪዘር ውስጥ ብታስገቡ እንደ ውሃ በረዶ አይሆንም። እየወፈረ፣ እየጠጠረ ይሄዳል። በጣም ከቀዘቀዘ እንደ መስታወት ይሆናል። በሴሎቹ ዙሪያና ውስጥ የቀረው፣ ዲኤምኤስኦና ጨው የበዛበት ፈሳሽም እንደዚያ ነው። ከዜሮ በታች 130 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ መስታወት ይሆናል። ሞለኪውሎቹ ባሉበት ይቆማሉ። ኬሚስትሪው ይቆማል። እርጅና የለም። ፈሳሽ ናይትሮጂን የሚፈላው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ በውስጡ ወይም በላዩ ባለው ጢስ ውስጥ የተቀመጠ ከረጢት ከዚያ መስመር በጣም ርቆ ነው ያለው።

ብዙ ማዕከሎች ዛሬ የሚመርጡት ጢሱን ነው። ምክንያቱ አሳዛኝ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ ዘገባ እንዳሳየው፣ እንግሊዝ ውስጥ አንድ ታንክ ውስጥ ከፈሰሰ ከረጢት የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በናይትሮጂኑ በኩል ወደ ሌሎች ሕመምተኞች ከረጢት ደርሶ ነበር። ናይትሮጂን ቫይረስ አይገድልም፤ እንዲያውም ያቆየዋል። ከዚያ ወዲህ ከረጢቶች በሁለተኛ ሽፋን ይታሸጋሉ፣ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ሴሎችም ለብቻ ይቀመጣሉ።

ስንት ዓመት ይቆያል ለሚለው ጥሩ መልስ የሰጡት ሃል ብሮክስማየር ናቸው። በኢንዲያና፣ አሜሪካ የእትብት ደም ሲያስቀምጡ የኖሩ ተመራማሪ ነበሩ። በ2011 እ.ኤ.አ. እሳቸውና ባልደረቦቻቸው 23 ዓመት ተኩል የተቀመጠ ደም አቅልጠው ስቴም ሴሎቹ ደም መሥራት እንደሚችሉ አሳዩ። በኋላም 27 ዓመት በተቀመጠ ደም ላይ ተመሳሳይ ውጤት በ2023 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እሳቸው ግን በ2021 ስላረፉ ይህኛውን አላዩትም።

ሴሎቹ የሚመለሱበት ቀን ምን ይመስላል?

ሐኪሞች «ዜሮ ቀን» ይሉታል። ታንኳ መሳይ ትንሽ ገንዳ ውስጥ 37 ዲግሪ ውሃ፣ ልክ የሰውነት ሙቀት፣ ይዘጋጃል። ከረጢቱ ከናይትሮጂኑ ወጥቶ በሌላ ንጹሕ ከረጢት ተሸፍኖ ይነከራል። ሲወርድ ዝግታ ያስፈልግ ነበር። ሲወጣ ግን ፍጥነት ነው የሚያስፈልገው፤ ቀስ ከተባለ ትንንሾቹ በረዶዎች ተያይዘው ይተልቃሉ። ባለሙያው በእጁ በቀስታ እያሸ በጥቂት ደቂቃ ያቀልጠዋል። የመጨረሻዋ በረዶ ልትጠፋ ስትል ያወጣዋል።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱ እንደገና ይቆጥራል። ዲኤምኤስኦ ያለበት ሴል ሞቆ መቆየት የለበትም። ከረጢቱ ሕመምተኛው አጠገብ ተሰቅሎ በትልቁ የደም ሥር በኩል ይገባል፣ ልክ ለሕመምተኛ ደም እንደሚሰጠው። ሴሎቹን ወደ አጥንት የሚወስድ ሰው የለም። በደም ዞረው መቅኒውን ራሳቸው ያገኙታል።

ያን ጊዜ ክፍሉን አንድ ሽታ ይሞላዋል። ዲኤምኤስኦው በሰውነት ውስጥ ተለውጦ በትንፋሽ ይወጣል። አንዳንዱ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዳንዱ የተቀቀለ በቆሎ ሸተተኝ ይላል። ቤተሰብ ይደነግጣል፤ አትደንግጡ፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። ነርሶች ለሕመምተኛው ከረሜላ ወይም ብርቱካን ይሰጣሉ። ማቅለሽለሽ፣ ፊት መቅላት፣ ሳል፣ የደም ግፊት መውረድም ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው በአንድ ቀን የሚገባው የዲኤምኤስኦ መጠን በሰውነት ክብደት ለኪሎ ከ1 ግራም እንዳይበልጥ የሚደረገው። ከረጢቶቹ ብዙ ከሆኑ በሁለት ቀን ይከፈላሉ።

በሕይወት መኖራቸው በምን ይታወቃል?

ቀላሉ መንገድ ቀለም ነው። ትራይፓን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ሴሎቹ ላይ ይጨመራል። ሽፋኑ ደህና የሆነ ሴል ቀለሙን አያስገባም። የሞተው ግን ሽፋኑ ስለተቀደደ ሰማያዊ ይሆናል። በማይክሮስኮፕ ሰማያዊውንና ነጩን መቁጠር ነው። አሁን አሁን ይህን በጨረር የሚቆጥሩ ማሽኖች ይሠሩታል።

ብዙ ጊዜ በቅዝቃዜው የሚሞቱት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ በተለይ ግራኑሎሳይት የሚባሉት። ስቴም ሴሎቹ ከእነሱ ይልቅ ጽኑ ናቸው። ስለዚህ «ከጠቅላላው ይህን ያህል በመቶ ሞቷል» የሚል ወረቀት ስታዩ ቀጥሎ የሚጠየቀው «ከሲዲ34ቹስ?» ነው።

ቀለም ያልገባው ሴል ሁሉ ግን ሥራ ይችላል ማለት አይደለም። ሥራውን ለማየት ሴሎቹ እንደ ጄሊ ባለ ምግብ ላይ ይዘራሉ። ደህና ስቴም ሴልና ልጆቹ በ14 ቀን ገደማ ጎጆ ጎጆ እየሠሩ ይበዛሉ፣ ጎጆዎቹ ይቆጠራሉ። ዋናው ማረጋገጫ ግን ሕመምተኛው ራሱ ነው። በአብዛኛው ከራስ በተወሰደ ሴል ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴሎቹ መነሳት ይጀምራሉ። የጠዋቱ የደም ምርመራ ላይ ከዜሮ አጠገብ የነበረችው ቁጥር ከፍ ስትል፣ እርሾዋ ይዛለች ማለት ነው።

የልጄን የእትብት ደም ከፍዬ ላስቀምጥ?

ዱባይም ሆነ ዋሽንግተን የምትወልድ እናት ይህ ማስታወቂያ ይደርሳታል። ከወሊድ በኋላ በእትብትና በእንግዴ ልጅ ውስጥ የሚቀረው ደም ስቴም ሴል የበዛበት ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ኤሊያን ግሉክማን የመጀመሪያውን የእትብት ደም ንቅለ ተከላ አደረጉ። ፋንኮኒ አኒሚያ ለታመመ ልጅ የተሰጠው አዲስ የተወለደች እህቱ የእትብት ደም ነበር። ደሙ አሜሪካ ውስጥ በእነ ብሮክስማየር በረዶ ሆኖ ቆይቶ፣ በአውሮፕላን ውቅያኖስ ተሻግሮ ሄደ። ያለ ማቀዝቀዝ ጥበብ ያ ሕክምና አይታሰብም ነበር።

እንግዲህ ታሪኩ እውነት ነው። ማስታወቂያው የማይነግራችሁ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጁ በዘር የሚመጣ የደም በሽታ ቢኖርበት ያው በሽታ በእትብት ደሙም ውስጥ አለ፤ የራሱ ደም አያድነውም። ያን ጊዜ የዳነው ልጅም የዳነው በእህቱ ደም ነው። የደሙ መጠንም ትንሽ ነው፤ ለትልቅ ሰው ብዙ ጊዜ አይበቃም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ቤተሰብ ውስጥ የታወቀ በሽታ ከሌለ ለግል ከማስቀመጥ ይልቅ ለሕዝብ ባንክ መስጠትን ይመክራል። በቤተሰቡ ውስጥ ንቅለ ተከላ የሚያስፈልገው ወንድም ወይም እህት ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ከሐኪም ጋር መነጋገር ይገባል።

እኛን የሚነካን የት ላይ ነው?

ከኢትዮጵያ ለመቅኒ ንቅለ ተከላ ወደ ህንድና ወደ ሌሎች አገሮች የሚሄዱ ሕመምተኞች አሉ። ቤት ተሸጦ፣ ዘመድ አዋጥቶ የሚኬድበት መንገድ ነው። አብራችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሐኪሙን ለመጠየቅ አትፈሩ። በኪሎ ስንት ሚሊዮን ሲዲ34 ተሰበሰበ? በረዶ ይደረጋል ወይስ በትኩሱ ይሰጣል? ቀልጦ ሲፈተሽ ከሲዲ34ቹ ስንት በመቶው በሕይወት አለ? የተረፈ ከረጢት አለ ወይ፣ ካለስ እስከ መቼ ይቀመጣል, ክፍያውስ ስንት ነው? እነዚህ የባለሙያ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልስም አላቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ ለጋሽ ማግኘት ነው። ለጋሽና ሕመምተኛ ኤችኤልኤ በሚባል የሴል መለያ መገጣጠም አለባቸው። አንድ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ከቤተሰብ ካልተገኘ ፍለጋው ወደ ለጋሾች መዝገብ ይሄዳል። መለያው በዘር ሐረግ ስለሚወረስ ተመሳሳይ ሰው የሚገኘው በአብዛኛው ከአንድ አካባቢ ከመጡ ሰዎች መካከል ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነጮች በመዝገቡ ውስጥ ሙሉ የሚገጥም ለጋሽ የማግኘት ዕድላቸው 75 በመቶ ሲሆን፣ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ግን ከ20 በመቶ በታች መሆኑን አሳይቷል። የናይትሮጂን ታንኩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሌለ ሴል አያስቀምጥም።

አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም አውሮፓ የምትኖሩ ወጣቶች መዝገብ ውስጥ ለመግባት የሚጠበቅባችሁ ደም መስጠት እንኳ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በተለይ የሚፈለጉት ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ ናቸው። ፎርም ይሞላል፣ በፖስታ ጥጥ ያለበት እንጨት ይመጣል። ጉንጫችሁን ከውስጥ በጥጡ ታሻሻላችሁ፣ ፖስታው ውስጥ ትመልሱታላችሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።